የቤተሰብ ዓምድ፤ ከአሸዋ የተወለደው ላስቲክ

ከኬላው ማዶ፣ በኬንያ ሞያሌ፣ «ሀርድዌር» ከሚባሉት ሱቆች ወደ አንዱ የገባ ሰው ከሚስማሩና ከቀለሙ ጎን እንደ መድፍ ጥይት ተደርድሮ የቆመ፣ አፍንጫው የሾለ ቱቦ ሳያይ አይወጣም። ስሙን የማያውቅ የለም፤ ሲሊኮን ነው። የአሸንዳውን መጋጠሚያ፣ የመስኮቱን መስተዋት፣ የመታጠቢያውን ጠርዝ ለመድፈን ከዚህም ከዚያም ወገን ያለው ሰው ይገዛዋል። ነገሩ ምንድን ነው? ከምንስ ተሠራ? ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ያጥራል። «ማጣበቂያ ነዋ!» ይባልና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

በዛሬው ዓምዳችን ወሬው ወደ ሌላ እንዲዞር አንፈቅድም። ይህ ቱቦ ልጆቻችን በትምህርት ቤት በቃላቸው የሚያጠኑት ኬሚስትሪ ከቤታቸው ጣሪያ ጋር የሚገናኝበት ነገር ነውና። በሞያሌ ደግሞ የጣሪያ ነገር የውሃ ነገር ነው።

የሞያሌ ሰው የውሃን ዋጋ ከመጽሐፍ አይማርም። ቦረናዎች ጋና ከሚሉት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሚዘንበው ዝናብ፣ ሐጋያ ከሚሉትም የመጸው ዝናብ በቀር ሰማዩ አይለግስም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሠምሩ ቀርተው በድንበሩ ግራና ቀኝ ያለቀውን ከብት ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ስለዚህ ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ መቁጠር የንፉግ ሥራ አይደለም። እስቲ እንቁጠረው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ቤት 48 ካሬ ሜትር መሬት ይሸፍናል። አንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ጣሪያው 960 ሊትር ይቀበላል፤ ባለ 20 ሊትር 48 ጀሪካን ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአሸንዳው በኩል ያልፋል። አሸንዳው በመጋጠሚያው ላይ ካፈሰሰ፣ ከ48ቱ ስንቱ በርሚል ውስጥ እንደሚገባና ስንቱ ግድግዳ ሥር እንደሚቀር የምታውቀው በማግስቱ ጀሪካን ተሸክማ የምትሄደው ልጅ ናት።

ከሰፈራችን አንድ አሥር አለቃ እሑድ ቀን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይህንኑ መጋጠሚያ ሲደፍን፣ መሰላሉን የያዘችለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጁ አፍንጫዋን ይዛ፦

«አባባ፣ ይኼ ነገር አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ ሰላጣ ልትሠራበት ነው እንዴ?» አለችው።

«መሰላሉን አጥብቀሽ ያዢ፤ የሁሉም ሽታ እንዲህ ነው» አላት።

የሁሉም ሽታ እንዲህ አይደለም። የልጅቱ ጥያቄ ከአባቷ መልስ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነበር። ዓመቱ ሳይዞር በተደፈነው መጋጠሚያ ዳርና ዳር ቆርቆሮው ነጭ ዱቄት አወጣ፤ ቀጥሎም ዛገ። አፍንጫዋ የያዘው ሽታና ቆርቆሮው ላይ የታየው ዝገት የአንድ ትምህርት ሁለት ጫፎች ናቸው። ወደዚያ ለመድረስ ግን ከመሠረቱ መነሣት ይኖርብናል።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ሲሊከንና ሲሊኮን አንድ አይደሉም። ሲሊከን ንጥረ ነገር ነው፤ ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርሴሊየስ እ.ኤ.አ. በ1824 ለይቶ አወጣው። ከምድር ቅርፊት ክብደት 28 በመቶ ያህሉ እርሱ ነው፤ የሚበልጠው ኦክስጅን ብቻ ነው። ሬዲዮውንና ስልኩን የሚያሠሩት ጥቃቅን ክፍሎች፣ በየጣሪያው የምናየው የፀሐይ ኀይል ማመንጫ ሰሌዳም የሲሊከን ሥራ ናቸው። ሲሊኮን ግን የሰው እጅ የሠራው፣ ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ የተቀጣጠሉበት ረዥም ሰንሰለት ነው። በአማርኛ ጽሑፍ ሁለቱን የሚለያቸው የአንዲት ፊደል ቅርጽ በመሆኑ ተማሪው ቢያደናግራቸው አይፈረድበትም፤ መምህሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሊለይለት ይገባል።

ሲሊከን ራቁቱን በምድር ላይ አይገኝም። ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ አሸዋ፣ ባልጩት፣ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ይኖራል። የኮንሶ ሴት ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቆዳ ሲፍቁበት የታዩት ስለታም ድንጋይ የዚሁ ቤተሰብ ነው። በኬንያም ጊልጊል አጠገብ፣ ካሪያንዱሲ በተባለው ስፍራ፣ እንደ ኖራ ነጭ የሆነ ቀላል ድንጋይ ከመሬት ይወጣል፤ ይህ በዐይን የማይታዩ የሐይቅ አልጌዎች ቅርፊት ሲሆን ቅርፊታቸው የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ ነው። በዚያው ስፍራ የጥንት ሰዎች ከጥቁር ባልጩት የጠረቧቸው የእጅ መጥረቢያዎች ተገኝተዋል። የሰው ልጅ ከሲሊከን ጋር ያለው ትውውቅ እንግዲህ ከብረት ጋር ካለው እጅግ ይቀድማል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ደረቅ ድንጋይ እንዴት ልስልስ ላስቲክ ይሆናል? አንድ ሲሊከን አራት እጅ እንዳለው ሰው ነው እንበል፤ ኦክስጅን ሁለት እጅ አለው። በአሸዋ ውስጥ ሲሊከኑ በአራቱም እጆቹ ኦክስጅን ይይዛል፤ እያንዳንዱም ኦክስጅን በሁለተኛ እጁ ሌላ ሲሊከን ይይዛል። ሁሉም በየአቅጣጫው ስለተያያዘ ማንም ንቅንቅ ማለት አይችልም፤ ይህ ድንጋይ ነው። በሲሊኮን ውስጥ ግን ሲሊከኑ በሁለቱ እጆቹ ብቻ ግራና ቀኝ ያሉትን ኦክስጅኖች ይይዝና ሰልፍ ይሠራል። የቀሩት ሁለት እጆቹ ሜቲል የተባለውን፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያለውን ጭፍራ ይይዛሉ። ሜቲል ከዘይትና ከቤንዚን ወገን ስለሆነ ውሃን አይወድም። እንግዲህ ሰልፉ ውስጥ ውስጡን የድንጋይ አጥንት፣ ላይ ላዩን የዘይት ካባ አለው ማለት ነው። በሲሊከንና በኦክስጅን መካከል ያለው ማሰሪያ በካርቦንና በካርቦን መካከል ካለው ይበልጥ የጠነከረ በመሆኑ ሙቀት በቶሎ አይበጥሰውም፤ የማሰሪያው ማጠፊያ ልል በመሆኑም ብርድ አያደርቀውም። ተራው የሲሊኮን ላስቲክ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ ከሚደርስ ብርድ እስከ 200 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ጠባዩን ሳይለውጥ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። የሞያሌ ፀሐይ ለእርሱ ምኑም አይደለም።

ሰልፉን የሚያዘጋጀው ኬሚስት ያለው ሥልጣን ያስደንቃል። ሁለት ሜቲል የያዘው ሲሊከን ሰልፉን ያስረዝማል። ሦስት ሜቲል የያዘው አንድ ነጻ እጅ ብቻ ስለሚቀረው የሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ከእርሱ ወዲያ ማንም አይቀጠልም። አንድ ሜቲል ብቻ የያዘው ደግሞ በሦስተኛ እጁ ሌላ ሰልፍ ጠርቶ ያገናኛል። ጨራሾቹ ከበዙ ሰልፉ ያጥርና ቀጭን ዘይት ይሆናል፤ አስረዛሚዎቹ ከበዙና እዚህም እዚያም ጥቂት አገናኝ ከገባ ላስቲክ ይሆናል፤ አገናኞቹ ከበዙ እንደ ሙጫ የደረቀ፣ ለቀለምና ለመሸፈኛ የሚያገለግል ነገር ይወጣል። ይህን በመምህሩ ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ተማሪዎቹን በግቢው ሜዳ አቁሞ እጅ ለእጅ ማያያዝ ይሻላል ባዮች ነን። በሰልፍ የማናማው የወታደር ልጅ የለም።

የግኝቱ ታሪክም አጭር አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ኪፒንግ በኖቲንግሃም ለአሥርት ዓመታት የሲሊከንን ውህዶች መርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1901 «ሲሊኮን» የሚለውን ስም ያወጣው እርሱ ነው፤ ኪቶን ከሚባሉት የካርቦን ውህዶች ጋር ይመሳሰላሉ ብሎ ስላሰበ ከዚያ ቀንሶ ሰየማቸው። መመሳሰሉ እውነት ሆኖ አልተገኘም፤ ስሙ ግን ቀረ። በመሞከሪያ ብልቃጡ ሥር የሚያገኘው የሚሙለጨለጭ ሙጫ ለኪፒንግ የሥራ እንቅፋት እንጂ ሀብት አልነበረም፤ በኋላ ባደረገው ንግግር እንኳ ለመስኩ ብዙ ተስፋ እንደማይታየው ገልጿል። ሰው አርባ ዓመት ሙሉ እጁን ያጣበቀበትን ነገር ጥቅም ሳያይ መቅረቱ ለመምህራን ጥሩ የመወያያ ርእስ ይመስለናል።

ነገሩን ከብልቃጥ ያወጣው ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ወደ ላይ ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፣ እርጥበትም ይገባል፤ የሞተሩ ማቀጣጠያ ኤሌክትሪክም ከመስመሩ እየሾለከ ሞተሩን ያስተጓጉል ነበር። ለዚህ መድኃኒት የሆነው የሲሊኮን ቅባት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የተመሠረተው ዳው ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያም በዚሁ ቅባት ሥራውን ጀመረ። ከዚያ ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ ዩጂን ሮቾ የተባለ አሜሪካዊ ሜቲል ክሎራይድ የተባለውን ጋዝ 300 ዲግሪ ገደማ በሞቀ የሲሊከንና የመዳብ ዱቄት ላይ በማሳለፍ የሲሊኮንን ጥሬ ዕቃ በብዛት የሚያስገኝ መንገድ አግኝቶ ነበር። በጀርመንም ሪቻርድ ሙለር በእነዚያው ዓመታት ለብቻው እዚያው ደረሰ። ሁለት ጠላት አገሮች አንዱን ኬሚስትሪ በአንድ ጊዜ ሲያገኙት የተፈጥሮ ሕግ ድንበር እንደማያውቅ ያስረዳል፤ ይህ በድንበር ከተማ ለሚኖር ሰው አዲስ ነገር አይሆንም።

አሁን ወደ አሥር አለቃው ጣሪያ እንመለስ። በቱቦው ውስጥ ያለው ለጥ ያለ ሊጥ ገና ሰንሰለቶቹ ያልተገናኙ ሲሊኮን ነው። የሰንሰለቶቹ ጫፍ ተዘግቷል፤ የዘጋውም በርካሹ ዓይነት የአሴቲክ አሲድ ቅሪት ነው። ሊጡ ከቱቦው ሲወጣ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎት ያገኘዋል። ውሃው መዝጊያውን ያላቅቀዋል፤ የተላቀቀው አሴቲክ አሲድ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል፤ ነጻ የሆኑት ጫፎችም እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። አቼቶን አቼቶ የሚያሰኘው ይኸው አሲድ ነው። ልጅቱ ያሸተተችው ሰላጣ ሳይሆን የኬሚስትሪ ለውጥ ሲካሄድ ነበር።

የቤታችን ቆርቆሮና አሸንዳ ደግሞ ብረቱ እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ ነው። አሲድና ዚንክ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የማያጠና ተማሪ በድንበሩ በየትኛውም ወገን የለም፤ ጨው ይገኛል፣ ሃይድሮጅን ይወጣል። በፈተና ላይ ይህን መልሶ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ፣ አባቱ አሲድ የሚያወጣ ሲሊኮን በዚንክ ላይ ሲቀባ ዝም ብሎ መሰላል ከያዘ ትምህርቱ የት ገባ? ለቆርቆሮ የሚስማማው አሲድ የማያወጣው ዓይነት ነው። በቱቦው ላይ በእንግሊዝኛ «ኒውትራል» የሚል ይጻፍበታል፤ ሲደርቅ የሚያወጣው አልኮል ወይም ኦክሲም የተባለ ውህድ በመሆኑ አቼቶ አቼቶ አይሸትም። «አሴቲክ» ወይም «አሴቶክሲ» የሚለው ለመስተዋትና ለሸክላ ንጣፍ ጥሩ ነው፤ ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ አይሆንም። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ግን እጅ ቀድሞ የሚያነሣው እርሱን ነው።

በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ስለ ፖሊመሮች ይማራል፤ በኬንያም ሁለተኛ ደረጃ ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ውስጥ ይነሣሉ። በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የነበረው የ8-4-4 ሥርዐት ከ2017 ወዲህ ደረጃ በደረጃ በብቃት ላይ ለተመሠረተ ሥርዐት ቦታውን እየለቀቀ ነው፤ ዓላማውም ተማሪው ያወቀውን በእጁ እንዲሠራ ነው። ዓላማው መልካም ሆኖ ሳለ «ቤተ ሙከራ የለንም» የሚለው ቃል በሁለቱም ወገን ይሰማል። ለዚህ ትምህርት ግን አንድ ቱቦ፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ጥቂት አቼቶና የቆርቆሮ ቁራጭ ይበቃል።

መምህሩ በሁለት የካርቶን ቁራጮች ላይ እኩል ሊጥ ያውጣ። አንዱን ከእርጥብ ጨርቅ ጋር በተከደነ ዕቃ ውስጥ፣ ሌላውን በደረቀ ሩዝ በተሞላ የተከደነ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጥ። በማግስቱ ተማሪዎቹ ሁለቱንም በምላጭ ይሰንጥቁና የደረቀውን ውፍረት በማስመሪያ ይለኩ። እርጥበት ያገኘው በብዙ ይቀድማል፤ በተራ አየር በአንድ ቀን የሚደርቀው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። «ሲሊኮን በፀሐይ ይደርቃል» የሚለው አስተሳሰብም በዚህ ይወድቃል፤ የሚያደርቀው ውሃ ነው። ለአሲዱ ሊትመስ ወረቀት ከሌለ ከርከዴ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይበቃል፤ በጥቂት የሳሙና ውሃ ቀለሙ እንዲለወጥ ተደርጎ ጨርቅ ይነከርበትና ከሊጡ በላይ ይንጠልጠል፤ አሲዱ ሲደርሰው ወደ ቅላቱ ይመለሳል። የቆርቆሮውን ቁራጭ አቼቶ ውስጥ የጣለም አረፋውን ያያል። በመጨረሻም መምህሩ ራሱ፣ በደጅ፣ ከነፋሱ በላይ ቆሞ፣ የደረቀ ሲሊኮን ቁራጭና የፌስታል ቁራጭ በየተራ በወረንጦ ይዞ ያቃጥል። ፌስታሉ ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ ሲሊኮኑ ግን ነጭ አመድ ይተዋል። አመዱ ከአሸዋ ጋር አንድ ዓይነት ውህድ ነው፤ ላስቲኩ ወደ እናቱ ተመለሰ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የማይረሳ ትምህርት አናውቅም።

በቤት ውስጥ ሲሊኮን ከምናስበው በላይ ተሠራጭቷል። ሲፈላ የማይበላሸው የጡጦ ጫፍ ከእርሱ የሚሠራው ይበዛል። ለሕፃን የሆድ ነፋስ የሚሰጠው ሲሜቲኮን የተባለው ጠብታ የሲሊኮን ዘይትና የደቀቀ የአሸዋ ውህድ ሲሆን ሥራው አረፋን ማፈንዳት ነው፤ በአንጀት ውስጥ አልፎ ይወጣል እንጂ ወደ ደም አይገባም። ጃዴል የተባለው በክንድ ሥር የሚቀበር የቤተሰብ ምጣኔ ዘዴ ሁለት ቀጫጭን የሲሊኮን ዘንጎች ያሉት ሲሆን ሲሊኮን ውሃን ቢከለክልም መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ ስለሚያሳልፍ አምስት ዓመት ያገለግላል። ለወር አበባ የሚያገለግለው ጽዋም ከዚሁ የተሠራ ነው፤ በምዕራብ ኬንያ በሲያያ የተማሪ ልጃገረዶች ተጠቅመውበት ተጠንቷል። ለዓመታት የሚያገለግል ሆኖ ሳለ ንጹሕ ውሃና ማፍያ ዕቃ ይፈልጋልና፣ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ሲመክሩ ስለ በርሚሉም አብረው ማሰባቸው የግድ ነው።

ለሾፌሮችና ለመካኒኮች አንድ ቃል ብቻ እንጨምር። ሲሊኮን የሞተር ዘይትንና ሙቀትን የሚችለውን ያህል ቤንዚንን አይችልም፤ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል። ስለዚህ በነዳጅ መስመርና በካርቡረተር ላይ እርሱን መለቅለቅ ጥገና አይባልም።

ስለ ቤት ሥራው ደግሞ የሚከተለውን ልብ ይሏል። ሲሊኮን በፕላስቲክ ሮቶ ስንጥቅ ላይ አይያዝም፤ የሮቶው ፕላስቲክ ራሱ ከሰም ጋር የሚዛመድ በመሆኑ ምንም ነገር አይጨብጥም። ሮቶ ሲሰነጠቅ በሙቀት ማበየድ የሚችል ባለሙያ ይፈለግ። በአንድ ሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚያፈስ ሮቶ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በወርም ከስድስት ጀሪካን በላይ ይጥላልና ነገ ዛሬ አያሰኝም። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሲሊኮን ሻጋታ የሚከላከል መርዝ የተጨመረበት ሊሆን ስለሚችል የመጠጥ ውሃ በሚነካበት ቦታ አይግባ። በአሮጌ ሲሊኮን ላይ አዲስ አይጣበቅም፤ አሮጌው በቢላዋ ይፋቅ፣ የቀይ አፈሩ አቧራም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፣ ቆርቆሮውም ይድረቅ። ሲሊኮን ቀለም አይቀበልምና የሚቀባ ካለ ቀለሙ ይቅደም። ሲገዛ ከቱቦው ሥር የታተመው ቀን ይታይ፤ የከረመ ሊጥ አይደርቅም። በደረቁ ወራት አየሩ ውስጥ እርጥበት ስለሚያንስ ሥራው በማለዳ ቢጀመር ይመረጣል፤ የጋና ዝናብ በመጋቢት ስለሚጠበቅ አሸንዳው በየካቲት አጋማሽ ተደፍኖ፣ ለወፍራሙ መጋጠሚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይሰጠው። የተረፈው ቱቦ አፍንጫ ውስጥ ረዘም ያለ ሚስማር ይወተፍ፤ በሌላ ጊዜ ሚስማሩ ሲሳብ የደረቀውን ክፍል ይዞ ይወጣል።

በሚቀጥለው ሳምንት ዓምዳችን ስለ ሳሙናና ስለ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ እንጽፋለን፤ አረፋ አልወጣም ብለው ሳሙናውን የወቀሱ ቤተሰቦች እንዲጠብቁን በትሕትና እናሳስባለን።